የልብ በርና የጎመን ድስት

አንዲት ሴት እናስብ። ከእንጅባራ ወጣ ብላ ትኖራለች፤ ዕድሜዋ ሠላሳ አልሞላም። አዲስ አበባ ሄዳ፣ ደረቷ ተከፍቶ፣ የተበላሸው የልቧ በር ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ በር ገብቶላታል። ሌሊት ቤቱ ጭር ሲል በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ይሰማል፤ ጎኗ የሚተኛው ልጅ እናቱ ሰዓት የዋጠች ይመስለዋል። አሁን ዐቢይ ጾም ገብቷል። ቅበላው አልፏል፣ ቅቤው ተሰቅሏል፣ ምድጃው ላይ የጎመን ድስት ተጥዷል። ሴትዮዋ ማማሰያውን እንደያዘች ቆም ትልና ራሷን ትጠይቃለች፦ «ይህን ጎመን ልብላው ወይስ ይቅርብኝ?»

የወጥ ቤት ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ሴትዮዋ የቆመችው ሁለት ትልልቅ የዕውቀት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። አንዱ የልብ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሌላው ሥነ ምግብ። አንድ የሕክምና ተመራማሪ ያሳተማቸውን ጽሑፎች በዓመተ ምሕረትና በርዕስ ዘርዝሮ ሲያቀርብና ሁለቱ ዘርፎች ጎን ለጎን ሲገኙ፣ አንባቢ ግር ይለዋል። ደረት የሚከፍት ሐኪም ከድስት ጋር ምን አገናኘው? እኔን የሚያስገርመኝ ግን የሁለቱ መገናኘት አይደለም፤ እስከ ዛሬ ተለያይተው መኖራቸው ነው።

የተመራማሪን ዝርዝር ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ሀብት ይቆጥሩታል፤ ማዕረግ የሚሰጠው በእርሱ ነው። ባለቤቱም ይኮራበታል፤ ደክሞበታልና ይገባዋል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የመንደር ሱቅ የዱቤ መዝገብ ነው። በዱቤ መዝገብ ላይ እያንዳንዱ መስመር ስም፣ ቀንና የተወሰደ ዕቃ ይዟል። መዝገቡ በሞላ ቁጥር የሚታወቀው ከባለ ሱቁ እጅ ወጥቶ ያልተመለሰው ምን ያህል እንደሆነ ነው። የምርምር ዝርዝርም እንዲሁ ነው። አንዱ ልጅ ጉሮሮውን አስመርምሯል፣ አንዷ ክንዷን ዘርግታ ደም ሰጥታለች፣ አንዱ ደረቱን ለቢላ አሳልፎ ሰጥቷል፣ አንዲት እናት የሞተች ልጇ እንዴት እንደታመመች ለጠያቂ ተርካለች። አበዳሪዎቹ እነዚህ ናቸው። ስማቸው በዝርዝሩ ላይ የለም። በእኔ እምነት የታተመ ጽሑፍ ሁሉ፣ ወደ እነርሱ ደጅ እስኪመለስ ድረስ፣ ያልተሰረዘ ዱቤ ነው።

ይህን ለማየት የሴትዮዋን ጥያቄ ከሥሩ እንከተለው። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ የመርጋት ጠባይ አለው። በሰው ሠራሹ በር ላይ የረጋ ደም በሩን ሊያስረው፣ ተቆርሶም ወደ አንጎል ሄዶ ግማሽ አካልን ሊያደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ሰዉ «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን ዋርፋሪንን ትውጣለች። ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ሲሠራ ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፤ ዋርፋሪን የሚያደርገው ይህ ቫይታሚን ታድሶ ወደ ሥራው እንዳይመለስ መከልከል ነው። ቫይታሚን ኬ ደግሞ በብዛት የሚገኘው በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ነው፤ የጎመን ዘሮች በዚህ የታወቁ ናቸው። በቀን ይበቃል የሚባለው ለሴት 90፣ ለወንድ 120 ማይክሮግራም ሲሆን አንድ ሰሃን የበሰለ ጎመን ከዚያ ብዙ እጥፍ ሊይዝ ይችላል። ሐኪሞች የደሙን አረጋግ አይኤንአር በሚባል ልኬት ይከታተላሉ፤ ሚትራል በሚባለው የልብ በር ቦታ ሰው ሠራሽ በር ላለው ሰው ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ውስጥ ቢውል ይመረጣል። ከዚያ ሲወርድ ደም የመርጋት አደጋ ይጨምራል፤ ከዚያ ሲያልፍ የመድማት። ሴትዮዋ የምትሄደው በእነዚህ በሁለቱ ገደሎች መካከል ባለች ቀጭን መንገድ ላይ ነው፤ ጎመኑም ከመንገዷ ላይ አለ።

የመድኃኒቱ ታሪክ ራሱ የተጀመረው ከመኖ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (የምርምር ዓመታቱን ሁሉ በእርሱ እጠራለሁ) በ1933 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት አንድ ገበሬ የሞተች ጊደሩን፣ አልረጋም ያለ ደም የሞላበትን የወተት ጣሳና ከብቶቹ የበሉትን የተበላሸ ድርቆሽ በመኪና ጭኖ፣ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ረጅም መንገድ ተጉዞ የተመራማሪው የካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ደጅ ደረሰ። ሊንክና ባልደረቦቹ ለዓመታት ደክመው በሻገተው የክሎቨር ድርቆሽ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር ለዩ። ዋርፋሪን የዚያ ዘር ነው፤ በ1948 ለአይጥ መርዝነት ገበያ ወጣ፣ በ1950ዎቹ ደግሞ የሰው መድኃኒት ሆነ። ቫይታሚን ኬም የተገኘው እንዲሁ ከመመገቢያ ገንዳ ነው። ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም ስብ የጎደለው መኖ ያበላቸው ጫጩቶች ደማቸው እየፈሰሰ ሲያስቸግሩት ምክንያቱን ፈለገ፤ ግኝቱም ከኤድዋርድ ዶይዚ ጋር የ1943ን የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። እንግዲህ መድኃኒቱ የከብት ድርቆሽ ልጅ ነው፤ ተቃራኒው የጫጩት መኖ ልጅ ነው። ቀዶ ሕክምናና ሥነ ምግብ የተለያዩት በቢሮዎች በር ላይ በተጻፈ ስም እንጂ በነገሩ ባሕርይ አይደለም።

የዚያን ገበሬ ነገር ደጋግሜ አስበዋለሁ። ጥያቄውን ይዞ ወደ ተመራማሪው የሄደው እርሱ ነው። እንጅባራ ባለችበት በአዊ ውስጥ ስለ ፈረስና ስለ ከብት ሕመም ከማንም በላይ የሚያውቁ አባቶች ሞልተዋል፤ የሚያዩትን አይተው የሚይዙት ጥያቄ አያጣቸውም። የወተት ጣሳውን ይዘው የሚያንኳኩት ደጅ ግን ስንቱ ጋ አለ? ዕውቀት የሚጀምረው እንዲህ ያለ ደጅ ባለበት ነው።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። የልብ በር ለምን ተበላሸ? በአገራችን በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ የልብ በርን ከሚያበላሹት ሕመሞች ዋነኛው የሚነሣው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ተሕዋስ ጉሮሮን ያቆስላል፤ ሰውነት ተሕዋሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል ከሳምንታት በኋላ ስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የራሱን ልብ ያጠቃል። የቀድሞ ሐኪሞች በሽታው መገጣጠሚያን ልሶ ያልፋል፣ ልብን ግን ይነክሳል ይሉ ነበር። ልጁ «ጉልበቴን ቆረጠመኝ» ይላል፤ ቁርጥማቱ ይተወዋል፤ ሁሉም ይረሳል። ከዓመታት በኋላ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እግሩ ያብጣል፣ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው ስታረግዝ ነው።

በእንጅባራ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር አልፎ፣ ብርዱ ሰውን ወደ ምድጃ ይሰበስባል። በክረምት ቤተሰቡ በአንድ ክፍል፣ ልጆቹ በአንድ ጋቢ ሥር ያድራሉ። ተሕዋሱ የሚወደው እንዲህ ያለውን መጠጋጋት ነው። ልጅ ጉሮሮው ሲያብጥ በብዙ ቤት የሚባለው «እንጥሉ ወርዷል» ነው፤ እንጥል የሚቆርጥ ሰው ይፈለጋል። የወላጆቹ ፍቅር ጎደለ ብዬ አልወቅስም፤ ልጃቸው ሲሠቃይ ዝም ብለው አላዩም፣ ያውቃል ወደሚሉት ሰው ወስደዋል። የተቆረጠው እንጥል ግን ከተሕዋሱ ጋር ጉዳይ የለውም። ያን ቀን በጤና ጣቢያ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የሚመጣውን የደረት መከፈት ሊያስቀር ይችል ነበር።

እነዚህ ነገሮች ከመዝገብ አልታጡም። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ከ1962 ጀምሮ ይታተማል። ካሳሁን ኦሊና ባልደረቦቹ በ1992 በአንድ የገጠር ከተማ ተማሪዎች ላይ የልብ በር ሕመምን ስርጭት አሳተሙ። በ2004 ካሳሁን ኦሊና ጅላሉ አስመራ በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነበር፤ ይህ ሕመም በኢትዮጵያ ይበልጥ ክፉ ይሆን እንዴ ብሎ ይጠይቃል። በ2006 ጅላሉ አስመራ ያለበት ሌላ ቡድን፣ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተማረው ኤልድሪድ ፓሪም አብሮት፣ በላንሴት ላይ ስለ ገጠር ኢትዮጵያውያን የልብ በር ሞት ጻፈ፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ 26 ዓመት ሳይሞላቸው ያለፉ ነበሩ። በ2015 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካና ከጅማ 4720 ተማሪዎች፣ ምንም ሕመም የማይሰማቸው፣ ልባቸው በአልትራሳውንድ ታየ፤ ከጅማዎቹ ከሺው 31 ያህሉ ላይ የበር ጉዳት ምልክት ተገኘ። እየሮጡ፣ እየሳቁ፣ ትምህርት ቤት እየሄዱ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለጽሑፍ ክብር መስጠት እፈልጋለሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ሙሽራ ስትሞት ለቅሶ ቤት የሚባለው «ዕድሜዋ ይህን ያህል ነበር» ነው። ቃሉ ያጽናናል፤ ያለ እርሱ ሐዘን አይቻልም። ነገር ግን ያ ቃል በሩን ይዘጋዋል፤ ዕጣ ከሆነ ምን ይደረጋል? ተመራማሪው መንደር ለመንደር ዞሮ ሲጠይቅ፣ ያቺም ያኛዋም በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ዓይነት ትንፋሽ ማጠር እንደሄዱ ሲቆጥር፣ ሞቷን ከዕጣ መዝገብ አውጥቶ ወደ ምክንያት መዝገብ ያዛውረዋል። ከዕጣ ጋር ክርክር የለም፤ ከምክንያት ጋር ግን አለ። የታተመ ጥናት የመጀመሪያ ውለታው ይህ ይመስለኛል፤ ሙታን ስለ ምክንያቱ ይመሰክራሉ። አበልጅ ያላወቀውን፣ ጎረቤት ያልጠረጠረውን፣ ቁጥር ይናገራል።

ስለዚህ ቅሬታዬ በመጻፉ ላይ አይደለም። የመስመር ብዛት ግን የዕውቀት ክብደት አይደለም። በ1925 ለንደን ውስጥ ሄንሪ ሱታር የተባለ ቀዶ ሐኪም በአንዲት ልጅ ልብ ውስጥ ጣቱን ከትቶ የጠበበውን የሚትራል በር በጣቱ አሰፋ። ልጅቷ ተረፈች፤ እርሱም ሥራውን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ከዚያ በኋላ ግን ሐኪሞች ለዚህ ሥራ ሌላ በሽተኛ አልላኩለትም። ጽሑፉ እንደ ተቀበረ ዘር ተቀምጦ፣ መንገዱ እንደገና የተከፈተው በ1948 ነው። በ1953 ጆን ጊቦን ልብንና ሳንባን የሚተካ ማሽን በሰው ላይ ተሳክቶለት ተጠቀመ፤ በ1960 አልበርት ስታር ከመሐንዲሱ ሎዌል ኤድዋርድስ ጋር የሠራውን ሰው ሠራሽ በር በሚትራል ቦታ ተከለ። የእኛዋ ሴት ደረት ውስጥ ያለው ድምፅ የእነዚህ ሰዎች ማሚቶ ነው። የሱታር አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፤ ሃያ ሦስት ዓመት ጠብቃ ሰው አዳነች።

ያልታተመ መዝገብም አለ። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ። መጀመሪያ ልጆቹ ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ይታከሙ ነበር፤ ብዙ ዓመት ተለምኖ፣ ሳንቲም ተሰብስቦ፣ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ሥራ ጀመረ። ያን መዝገብ የሚያነበው ሰው በየቤቱ ድነው የተመለሱትን ልጆች አይቶ ነው። ዛሬም በሺዎች የሚቆጠሩ ወረፋ ይጠብቃሉ። ከአዊ የሚነሣ ሕመምተኛ ምናልባት ከቀበሌው በቃሬዛ ወጥቶ፣ ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ተሳፍሮ፣ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ወረፋው ጫፍ ላይ የሚቆመው። የቀዶ ሕክምና መዝገብ፣ ምን ያህል ቢደነቅ፣ የዘገየ ነገር መዝገብ መሆኑ እዚህ ላይ ይታወቃል። የተተከለ በር ሁሉ በጊዜው ያልታከመ የአንድ ልጅ ጉሮሮ ምስክር ነው።

በሥነ ምግብ በኩልም አገሪቱ መዝገብ አላት። በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የዚያ ፍሬ ነው። በ1968 ይንግቨ ሆፍቫንደር ባሳተመው ጥናት የደገኛው ምግብ በብረት ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸገ ሆኖ ሲገኝ፣ የብረቱ ብዛት ከየት እንደመጣ ተፈለገ። ብዙው ከአውድማ የመጣ ነበር፤ ጤፉ በበሬ ኮቴ ሲወቃ አብሮት የሚገባው አፈር ነው። ይህን ጥናት የምወደው ቤተ ሙከራው አውድማ ድረስ ስለሄደ ነው። ስለ ምግብ የሚያጠና ሰው እህሉን ብቻ ነጥሎ ሊያጠና አይችልም፤ መሬቱን፣ በሬውን፣ የወቂውን ልማድ አብሮ ካላየ ቁጥሩ ይዋሸዋል።

ያው ዓይን ለሴትዮዋ ድስት ያስፈልጋል። የደም ማቅጠኛ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ የተጻፉት ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሁኔታ ለሚበላ ሰው ነው። ምክራቸውም ትክክል ነው፤ ጎመንን መተው አይደለም፣ መጠኑን ሳይለዋውጡ መብላት ነው። እኩል ብላ። ነገር ግን የእኛ ዘመን የተሠራው በመፈራረቅ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ረቡዕና ዓርብ፤ ለምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይጠጋል። ጾሙ ሲገባ ወተቱና ሥጋው ወጥቶ ሽሮውና ጎመኑ ይገባል፤ በፋሲካ ማግሥት ይገለበጣል። በአዊ ደግሞ ድንቹ፣ ገብሱ፣ ዳጉሳው እንደየወራቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሴትዮዋ ደም ከዘመን ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ክኒኗ ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥበቦች ተፋጠዋል። አንደኛው ሰውን በመፈራረቅ ያስተምራል፤ መራብን የማያውቅ መጥገብን አያውቅም ይላል። ሁለተኛው በእኩልነት ያድናል፤ ዛሬም እንደ ትናንት ሁን ይላል። አንዱን ለሌላው መሠዋት አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን ሸክም አታደርግም፤ ሆኖም ከአልጋ ተነሥታ የዳነች ሴት ምስጋናዋን በጾም መክፈል ትፈልጋለች፣ ይህንም የሚንቅ ሐኪም ሕመምተኛዋን አያውቃትም። የሚያስፈልገው የንስሐ አባቷ፣ ነርሷና እርሷ ራሷ በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩበት ዕውቀት ነው። ጾም ሲገባና ሲወጣ የደም ምርመራዋ ይቅረብ፤ ጎመኑ በፍስኩም በጾሙም በአንድ ልክ ከገበታዋ አይጥፋ፤ ይህም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊ ቋንቋ በአውኚም ይነገራት። ቀላል ነገር ነው። ቀላል የሆነው ግን ሁለቱ መዝገቦች ተገናኝተው ሲነበቡ ነው።

አዊ ውለታ መመለስን ከማንም አይማርም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ለማሰብ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሜዳ በተሸለሙ ፈረሶች ይሞላል። ለፈረስ ውለታ ቀን የቆረጠ ሕዝብ ዕዳ ምን እንደሆነ ያውቃል። ተመራማሪም ከዚህ ሜዳ ሊማር ይችላል፤ የተሸከመህን አትርሳ። ተምሮ ከዚህ የወጣ ሰው የጽሑፎቹን ዝርዝር ሲያረዝም፣ ከመስመሮቹ አጠገብ አንድ ባዶ ቦታ ቢተው እወዳለሁ። በዚያ ቦታ ላይ የሚጻፈው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጽሑፍ ወደ ሰጡት ሰዎች ተመልሷል ወይ? የዳንግላ ነርስ ጉሮሮው ያበጠ ልጅ ስታይ በእርሱ ምክንያት መርፌውን አንሥታለች ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ መስመሩ ይሰረዝ። በዱቤ መዝገብ ላይ የተሰረዘ መስመር ከሁሉ የከበረ ነው።

ሴትዮዋ ጋ አንድ ደብተር አለ እንበል። ትልቋ ልጇ ትጽፍላታለች። በአንዱ ዓምድ ቀኑ፣ በሁለተኛው የአይኤንአሩ ቁጥር፣ በሦስተኛው የክኒኑ መጠን፣ በአራተኛው «ጾም» ወይም «ፍስክ»። ማንም አላዘዛቸውም፤ ቁጥሩ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ለማወቅ ጓጉተው ነው። ከዊስኮንሲኑ ገበሬ የወተት ጣሳ ጋር አንድ ነው ይህ ደብተር። ደጅ የሚከፍትለት ተመራማሪ ቢያገኝ፣ ከሌሎች መሰል ደብተሮች ጋር ተደምሮ፣ በየትኛውም አገር መመሪያ ያልተጻፈውን የእኛን መልስ ሊጽፍ ይችላል፤ መልሱም ሲጻፍ መጀመሪያ የሚነበበው በዚህ ምድጃ ዙሪያ መሆን አለበት።

ጎመኑ በስሏል። ልጅቷ ደብተሩን ገልጣ የትናንቱን ታነብላታለች። እናት ድስቱን ታወጣና ከእንጀራዋ ላይ እንደ ትናንቱ አንድ ጭልፋ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ ታደርጋለች።